ዝምተኛው ካምቢዮ

አባባ መኪና ውስጥ ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። በሩን ከፍተው ይቀመጡና፣ ሁለቱን ኮንጎ ጫማ አጋጭተው አቧራውን ካራገፉ በኋላ አጠገባቸው ደርድረው፣ ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ ያሳርፋሉ። ይህን ያዩ የዘንዘልማ ጎረቤቶቻችን «መኪናዋን ቤተ ክርስቲያን አደረጓት» እያሉ ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር፤ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽብኝ የሚያደርጉት ይሉኝታ መስሎኝ። ነገሩ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ዋጋ ከከፈልኩበት በኋላ ነው። ዋጋው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህን ባልጻፍኩ።

አባባ ሾፌር ነበሩ። የዛሬን አያድርገውና አሰብ የኛ ወደብ በነበረበት ዘመን፣ ኤንትሬ እያልን የምንጠራውን ፊያት የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዘው ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ጎልማሳነታቸውን ጨርሰዋል። የዚያ ሞተር ጩኸት ጆሯቸውን ይዞት ቀረ። ዛሬ ተጠግተው ካልጮኹባቸው አይሰሙም፤ «ቡና ይጠጡ» ሲሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው የሚመልሱበት ጊዜ አለ። መኪና ግን ይሰማሉ። የሚሰሙትም በውስጥ እግራቸው ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ ጠይቄም አላውቅ።

ቪትዟን የገዛናት በ2011 ዓ.ም. ነው። «የገዛናት» ያልኩት ለትሕትና አይደለም። ከመምህርነት ደመወዜ በዕቁብ ያጠራቀምኩት ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበርና፣ የጎደለውን የሞሉት አባባ ጡረታ ወጥተው ዘንዘልማ ሲገቡ ከቤታችን ጀርባ የተከሉትን ባሕር ዛፍ ለአጣና ሸጠው ነው። ዛፉ ሲቆረጥ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ከዚያ «በል እንግዲህ፣ ዛፌ ጎማ አውጥቶ ሊሄድ ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳው» አሉኝ። 1 ሺሕ ሲሲ የሆነች ትንሽ ሞተርና ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት፣ ከኔ በፊት ስንት እጅ እንደዞረች የማይታወቅ መኪና ነበረች። በዓመቱ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ወጥቶ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል የቪትዝ ዋጋ ሰማይ ወጣ። በሰፈር ብልጥ ተባልኩ። ሀብቴ ቆሞ እያደገ መሆኑን ሰው ሁሉ ነገረኝ። እኔ ደግሞ በየቀኑ እየነዳሁ እፈጨው ነበር።

እንዴት እነዳ እንደነበር ልናገር። ከዘንዘልማ ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ ብስክሌት ያለው ተማሪ ማለዳ ሄዶ ማታ ይመለሳል። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ፉክክር እገጥም ነበር። 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው የዛሬው የዓባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከጎንደር በኩል የሚመጣው ሁሉ በንጉሡ ዘመን በተሠራው ጠባብ ድልድይ ላይ ተራ ጠብቆ ነበር የሚሻገረው። ታዲያ ከባጃጁና ከሚኒባሱ ኋላ ተሰልፌ እንደተሻገርኩ፣ የታመቀ ንዴቴን ሁሉ ነዳጅ መስጫው ላይ አወርደዋለሁ። ሞተሩ ያጓራል፣ ካምቢዮው ካለበት ማርሽ አንድ ደረጃ ወርዶ ይይዛል፣ ወንበሩ ጀርባዬን ይገፋኛል። ሚኒባሱን አልፌ 200 ሜትር ሳልሄድ ትራፊክ ያስቆመኛል። ሚኒባሱም ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቤ ይቆማል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየኝና ፈገግ ይላል።

ሌላም አለ። ከግቢያችን ስወጣ መኪናዋ ገና ወደ ኋላ እየተንከባለለች ማርሹን ከ«አር» ወደ «ዲ» እወረውረዋለሁ። እንግዳ ሲመጣብኝ ዓባይን ከላይ ለማሳየት ቤዛዊት ኮረብታ እወጣለሁ፤ አቀበቱ ላይ ከፊቴ ያለው መኪና ቢቆም ፍሬን አልይዝም፤ ነዳጅ እየሰጠሁ ባለችበት አንጠልጥዬ አቆያታለሁ። ይህ ችሎታ ይመስለኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ዋልካ ይሆናል። በሬም ሰውም የሚጠልፍ ጭቃ ነው። ጎማዬ ሲቀበርብኝ ወርጄ ድንጋይ ከማነጠፍ ይልቅ «ዲ»፣ «አር»፣ «ዲ»፣ «አር» እያልኩ ሞተሩን አስጮኸዋለሁ። ጎማው በባዶ ሲሽከረከር ቆይቶ ድንገት ደረቅ መሬት ሲያገኝ መኪናዋ «ጓ» ብላ ትዘላለች። ወጣሁ እላለሁ።

አባባ በነዚህ ጊዜያት ሁሉ አጠገቤ ሲሆኑ ጣታቸውን ወደ ታች እየጠቆሙ አንድ ነገር ይላሉ። «አንተ ልጅ፣ ሳትቆም አታዙራት። ትጎዳለች።» እኔም ጮኬ፣ «አባባ፣ ይቺ እኮ አውቶማቲክ ናት! ፍሪሲዮን የላትም!» እላቸዋለሁ። ፍሪሲዮን የለም የሚለው ቃል አይዋጥላቸውም። «ከሌለ ታዲያ ምን ይዟት ነው የምትሄድ?» ብለው ይጠይቁና መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጣና በኩል ያያሉ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ብረትና ዘይት የማይወድ አንባቢ ለጥቂት መስመሮች ይታገሠኝ። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን አለመኖሩ ፍሪሲዮን የለም ማለት አይደለም። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ እንደ ድስት ያበጠና ዘይት የሞላው ዕቃ ተቀምጧል። ሁለት ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት አስቀምጠን አንዱን ብናስነሣው ነፋሱ ሌላውን እንደሚያዞረው ሁሉ፣ እዚህም ሞተሩ አንዱን ክንፍ ያዞራል፤ ክንፉ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ሁለተኛውን ክንፍ ያዞራል። ሐሳቡ የጀርመናዊው መሐንዲስ የሄርማን ፎቲንገር ሲሆን፣ በ1905 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበውም ለመርከብ ብሎ ነበር። ወደ ተራው ሰው መኪና በሰፊው የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቤዛዊት አቀበት ላይ መኪናዋን በነዳጅ አንጠልጥዬ ስይዛት እንግዲህ አንደኛው ክንፍ ይዞራል፣ ሁለተኛው አይዞርም። ያ ሁሉ ጉልበት የሚሄድበት ስለሌለው ዘይቱን ያፈላዋል።

ከዚያ በስተኋላ ማርሾቹን የሚይዙና የሚለቁ ቀጫጭን ክብ ዝርግ ብረቶች አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሸራ ተለጥፎባቸዋል። ሸራው ከወረቀት ቢጤ ጭረት የተሠራ መሆኑን ስሰማ አላመንኩም ነበር። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የዘይት ግፊት እነዚህን ዝርጎች ያጣብቃቸዋል፤ እስኪጣበቁ ድረስ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ረጋ ብሎ ለሚነዳ ሰው ይህ መንሸራተት ምንም ማለት አይደለም። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ለሚረግጥ ግን ሸራው የሞተሩን ሙሉ ጉልበት ተሸክሞ ነው የሚንሸራተተው። ሳይቆም ከኋላ ወደ ፊት የሚያዞር ሰው ደግሞ የምትንከባለለውን መኪና የሚያቆመው በዚያው ወረቀት ነው። ፍሬን እያለው! የፍሬን ሸራ በየጋራዡ በርካሽ ይቀየራል። እኔ ርካሹን ቆጥቤ ውዱን ፍሬን አደረግኩት።

ሙቀቱም ሌላ ጣጣ ነው። የካምቢዮ ዘይት በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ሲሠራ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ገደማ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል የቆየ የባለሙያ ስሌት አለ። በዚህ ላይ አገራችን ደጋ ነው። ጣና ዳር እንኳ ከባሕር ወለል ወደ 1 ሺሕ 800 ሜትር ነን። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺሕ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ሞተሩ ሲደክም ሾፌሩ አብዝቶ ይረግጣል፤ ሾፌሩ አብዝቶ ሲረግጥ ካምቢዮው ደጋግሞ ማርሽ ያወርዳል። እኔ ይህን ሁሉ የማደርገው ዘይቱን አንድም ቀን ሳልቀይር ነበር። የሸጠልኝ ሰው «የካምቢዮ ዘይት አይቀየርም» ስላለኝ ደስ ብሎኝ ተቀብዬዋለሁ። ወጪ የሚያስቀር ወሬ መቼም አይጣራም።

የድሮው ካምቢዮ ቢሆን ኖሮ ያጋልጠኝ ነበር። አባባ እንደሚሉት ማርሽ ያለ ጊዜው ያስገባ ሾፌር ካምቢዮው ይጮህበታል፤ ፍሪሲዮን ያቃጠለ ሽታው ቀድሞት ከተማ ይገባል፣ ረዳቱም አፍንጫውን ይዞ ያፍርለታል። አውቶማቲኩ ግን ጨዋ ነው። የሾፌሩን በደል በዘይት ሸፍኖ ይችላል። ምልክት አልሰጠኝም ብል እዋሻለሁ። ጠዋት ጠዋት «አር» ላይ ሳደርጋት ጥቂት አስባ ነው የምትይዘው። አንዳንዴ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ስትሻገር ሞተሩ ለብቻው ይጮኽና ኋላ ይያያዛል። ብርድ ነው አልኩ። የነዳጁ ጥራት ነው አልኩ። አባባ ደግሞ እግራቸውን ከወለሉ ሰብሰብ አድርገው፣ «ታመመች» ይሉ ነበር። መልስ አልሰጠኋቸውም። አይሰሙማ።

በሰኔ 2014 ዓ.ም. የአባባ ረዳት የነበሩት ሰው ደብረ ታቦር ላይ አረፉ።

እኒህ ሰው ለአባባ ምን እንደነበሩ መናገር አለብኝ። 11 ዓመት በአንድ መኪና አብረው ሠርተዋል። አንድ ጊዜ አፋር በረሃ ላይ የካምቢዮ ኩሽኔታ ተሰብሮ 4 ሌሊት ቆመዋል። የሚያልፈው መኪና ሁሉ «ውጡ እንውሰዳችሁ» ሲላቸው፣ አባባ ረዳታቸውን «አንተ ሂድ፣ ልጆች አሉህ» ቢሏቸው፣ «ሾፌሬን ጥዬ ምን ብዬ እገባለሁ?» ብለው በቀረችው ውሃ አብረዋቸው ሰነበቱ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥርም። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ውሃው እያነሰ ይሄድ ነበር።

መርዶው የመጣው በማለዳ ነው። እኔ ፈተና ስለማስፈትን ስልኬን ዘግቻለሁ። ስከፍተው ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖአል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዘንዘልማ ስደርስ አባባ ነጠላቸውን አደግድገው ከበር ቆመው አገኘኋቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄድን። ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ ተረጋግቶ ለሚነዳም ይደረስ ነበር። ዘግይቻለሁ የሚለው ጥፋቴ ግን እግሬ ላይ ተቀምጧል። ሐሙሲትን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። ፎገራ ሜዳ ላይ እያንዳንዱን ኤፍ ኤስ አርና ሚኒባስ ለመቅደም ወለሉ ድረስ እረግጣለሁ፤ ላም ሲገባ እይዛለሁ፤ ደግሞ እረግጣለሁ። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዓለም በርን እንዳለፍን አቀበቱ ተጀመረ። መንገዱ ከዚያ ወዲያ እስከ ደብረ ታቦር ሰማይ ነው የሚወጣው። አባባ እጄን ያዙኝ። «አሳርፋት» አሉ። «እንድረስ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ሦስት መታጠፊያ እንኳ አልሄድንም። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ቀረች። ይበልጥ ብረግጥ ይበልጥ ጮኸ። «ዲ»ም «2»ም «ኤል»ም አንድ ሆኑ። ያረረ ቂጣ የመሰለ ሽታ በነፋስ መስጫው ገባ። ዳር ይዤ አቆምኳት። ስምንት ሰዓት ተኩል አላለፈም ነበር።

አንድ ሚኒባስ ቆመና ባዶ ወንበር አለኝ አለ። «አባባ፣ እርስዎ ይሂዱ፤ ይደርሳሉ» አልኳቸው። ሰምተውኛል፤ አፌን ያዩ ነበር። ሚኒባሱን አዩ፣ አቀበቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «መኪና ተሰብሮ ሾፌር ጥሎ አይኬድም» አሉና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለመንኳቸው። ሚኒባሱ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ደብረ ታቦር አዙረው ቆሙ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ። እኔ ከኮፈኑ ኋላ ተሸሽጌ ቀረሁ።

ማምሻውን አንድ ባለ አይሱዙ ራርቶ በገመድ ጎትቶ አወረደን። ከዓለም በር ወረታ፣ ከወረታ ዘንዘልማ፣ በማግሥቱም እስከ ባሕር ዳር ጋራዥ ድረስ በዚሁ ገመድ ነው የተጓዘችው። ጋራዥ ውስጥ ሥራውን የያዘው ልጅ ገና ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ነው። የካምቢዮ ዘይት መለኪያውን መዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገና አሳየኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት አተላ መስሏል። ካምቢዮውን አውርዶ ሲፈታው ዝርጎቹ ሸራቸው ረግፎ በሙቀት ወደ ሰማያዊ የሚወስድ ቀለም ይዘዋል። ከዚያ እንደ ስኒ አንባቢ ይጠይቀኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ሳይቆም ያዞራሉ እንዴ?» አዎ። «ጭቃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይሏታል?» አዎ። ለነፍስ አባቴ እንኳ እንዲህ አልተናዘዝኩም። መጨረሻ ላይ «በምን አመጧት?» አለኝ። በገመድ ስለው እጁን ራሱ ላይ አደረገ። ለካስ የካምቢዮው የዘይት ፖምፓ የሚዞረው በሞተሩ ነው። የቪትዝ ነጂ ጎማዎች የፊቶቹ ናቸው፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፊቷ መሬት ላይ እያለ ያን ያህል ርቀት ስትጎተት ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሁሉ ያለ ዘይት ሲፋጭ ነው የመጣው። በጭነት መኪና ተጭና ወይም የፊት ጎማዎቿ ተነሥተው መምጣት ነበረባት። ጥገና የሚቀበል የቀረ ነገር ካለ እሱንም ገመዱ ጨረሰው። ልጁ ግን ጨዋ ነው፤ «ዕድሜዋም ነው፣ ዘይቱም አልተቀየረም፣ ሁሉም በእርስዎ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቢሆንም የገደላት ምን እንደሆነ ሁለታችንም አይተነዋል።

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ከሌላ መኪና የተፈታ ካምቢዮ ተገኘ። የ8 ወር ደመወዜን በላ። በአውቶቡስ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ መጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብሶአል፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ጀምሮ ያለን አሮጌ ሁሉ የማይተካ ቅርስ ሆኖአል። የኤሌክትሪኮቹ አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ስላላቸው እንዲህ ያለ ጣጣ የለባቸውም ይላሉ። በአዲሱ ሰፊ ድልድይ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ሲያልፉኝ አያለሁ። ሾፌሮቻቸው ግን እኔ ድሮ የማውቃቸውን ይመስላሉ።

አባባ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥተውብኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ እወድ ነበር። ካምቢዮው በገባ ዕለት ብቻ ጋራዥ አብረውኝ መጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡና፣ «በል ቀስ ብለህ አንቀሳቅሳት» አሉኝ። «ዲ» አስገባሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «ይዛለች» አሉ። የዚያን ጊዜ ነው ጫማው ለምን እንደሚወልቅ የገባኝ። ስንቱን ዓመት እየሰሙ ሲነግሩኝ፣ እኔ ደንቆሮ መስለውኝ!

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ለሟቹ መንፈቅ ደብረ ታቦር ሄድን። በሌሊት ወጣን። ፎገራ ላይ የሩዝ ነዶ በየማሳው ተከምሮ ነበር፤ ማንንም አልቀደምኩም። አቀበቱ ላይ ማርሹን ራሴ «2» ላይ ያዝኩት፤ ካምቢዮው ወዲያ ወዲህ እንዳይል። ሞተሩ ሲግል መንገድ ዳር አቁሜ አሳረፍኳት፤ የቆምንበት ቦታ ያ ድንጋይ ካለበት ብዙ አይርቅም፤ ሁለታችንም ወደዚያ አላየንም።

የሟች ባለቤት አባባን አቅፈው አለቀሱ። «ለቀብሩ ምነው ቀሩብን? መንገድ መንገዱን ስናይ ዋልን» አሏቸው። በእልፍኙ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። አባባ የሚነገራቸውን በትክክል መስማታቸውን ከፊታቸው አወቅሁ።

«መኪና ሰበርን» አሉ።

«ሰበርን» ነው ያሉት።

ስንመለስ ፀሐይዋ ወደ ጣና በኩል ታዘቀዝቅ ነበር። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘልኝ፣ ፍሬን ሳላበዛ ወረድኩት። ዓለም በር ልንገባ ስንል አንድ ነገር ልጠይቃቸው ዞር አልኩ። አባባ አንቀላፍተዋል። በኔ መኪና ውስጥ ሲተኙ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ባዶ እግራቸው ግን ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ ነበር።